ዘ ሲ64 ሚኒ ላይ ፍላሽ ሰክቶ ጌም መጫወት፦ ከፎርማት እስከ ፋይል ስም

ለዘ ሲ64 ሚኒ ፍላሽ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊጋ ይበቃኛል?» ብሎ ነው። በስልክና በላፕቶፕ ለለመደ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ በጣም ቀላሉ እሱ ነው። ሚኒው ፍላሹን አላይም ሲል ወይም ጌሙ በግማሽ ተከፍቶ ድርቅ ሲል ጥፋቱ የቦታ ማነስ አይደለም። ጥፋቱ ያለው ፍላሹ ፎርማት በተደረገበት መንገድ፣ በፋይሉ ዓይነት ወይም በፋይሉ ስም ላይ ነው። ሦስቱንም ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ያለ ባለሙያ ማስተካከል ትችላላችሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ካልገባችሁ፣ አንዱን ችግር ፈትታችሁ በሚቀጥለው ጌም ላይ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ምክንያቱንም አብሬ እናገራለሁ።

መሣሪያውን ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ስሙ ላይ ያለው ቁጥር የማስታወሻው መጠን ነው፤ 64 ኪሎባይት። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚህ ብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ሰው ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ፣ ጌሙን ከካሴት ወይም ከፍሎፒ ዲስክ እየጫነ ይጫወትበት ነበር። ዘ ሲ64 ሚኒ ደግሞ ሬትሮ ጌምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው፣ የዚያን ኮምፒውተር መልክ በግማሽ መጠን የያዘ ትንሽ ማሽን ነው። ውስጡ ያለው አሮጌው ቺፕ አይደለም፤ ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና የሚሠራበት ዘመናዊ ትንሽ ፕሮሰሰር ነው። በእሱ ላይ የአሮጌውን ኮምፒውተር ጠባይ አንድ በአንድ የሚያስመስል ሶፍትዌር ይሠራል፤ ኢሙሌተር የሚባለው ነው። ከቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ይገናኛል፤ ሁለት የዩኤስቢ መሰኪያ አለው፤ 64 ጌሞች ተጭነውበት ይመጣል። ላዩ ላይ የሚታየው ኪቦርድ ግን ለጌጥ ነው፤ ቁልፎቹ አይሠሩም።

64 ጌም ጥሩ ጅምር ነው። ለኮሞዶር 64 የተሠሩት ጌሞች ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዛሬም ድረስ አዳዲስ የሚሠሩለት ሰዎች አሉ። ፍላሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፋት32 ካልሆነ አይሆንም

ፍላሽ ላይ ፋይል የሚቀመጥበት ሥርዓት ፋይል ሲስተም ይባላል። የትኛው ፋይል ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚመዘገበው በእሱ ነው። ፍላሹን የሚያነበው ማሽን ሥርዓቱን ካላወቀው በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታገኟቸው ፍላሾች በብዛት በሦስት ዓይነት ሥርዓት ይዘጋጃሉ፦ ፋት32፣ ኤክስፋት እና ኤንቲኤፍኤስ። ሚኒው የሚፈልገው ፋት32ን ነው።

ፋት32 አሮጌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ 95 ማሻሻያ ጋር የመጣ። አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ እንዲሆን አይፈቅድም፤ ለፊልም ያስቸግራል፤ ለኛ ጉዳይ ግን ምንም ለውጥ አያመጣም። ኤክስፋት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያመጣው ምትክ ሲሆን፣ 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑ ፍላሾችና ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ በሱ ተዘጋጅተው ይወጣሉ። ማይክሮሶፍት የኤክስፋትን ዝርዝር አሠራር ለሁሉም ክፍት ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ሊኑክስም በይፋ ማካተት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ሚኒው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ገበያ ላይ ውሏል። አዲስ 64 ጊጋ ፍላሽ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ስትሰኩት ሚኒው ዝም ካለ፣ ፍላሹ ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ሱቅ አትመልሱት፤ ፎርማት አድርጉት።

ፎርማት ማድረግ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። የምትፈልጉት ነገር ካለ አስቀድማችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ከዚያ በዊንዶውስ ላይ ፍላሹን ሰክታችሁ ስሙ ላይ በቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ፎርማት የሚለውን ትመርጣላችሁ። የሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ፋይል ሲስተም በሚለው ሥር ፋት32 ካለ እሱን መርጣችሁ፣ ሌላውን እንዳለ ትታችሁ፣ ጀምር ማለት ብቻ ነው። የተሰካው ትክክለኛው ፍላሽ መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡ፤ በተለይ ሌላ ሃርድ ዲስክ አብሮ ተሰክቶ ከሆነ።

ፋት32 የሚለው ምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ፍላሹ ከ32 ጊጋ በላይ ነው ማለት ነው። ይህ ገደብ የፋት32 የራሱ አይደለም፤ የሳጥኑ ነው። ሳጥኑን በ1990ዎቹ የሠራው የቀድሞው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ዴቭ ፕለመር፣ ለጊዜው ተብሎ የተሠራ እንደነበርና 32 ጊጋ የሚለውን ጣሪያ የወሰነው እሱ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ለጊዜው የተባለው ነገር ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ሩፉስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ብትጠቀሙ ትልቁንም ፍላሽ በፋት32 ያዘጋጅላችኋል።

ማክ ያላችሁ ዲስክ ዩቲሊቲን ከፍታችሁ፣ ኤምኤስ ዶስ ፋት የሚለውን ምረጡ። እዚያ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ሁለተኛ ምርጫ አለ። ስኪም በሚለው ሥር ማክ ራሱ ጂዩአይዲ የሚለውን ሊያስቀምጥ ይችላል፤ እሱን ወደ ማስተር ቡት ሪከርድ ቀይሩት። ይህ ምርጫ የሚታየው ከላይ በኩል ሁሉንም መሣሪያ አሳይ የሚለውን መርጣችሁ፣ የፍላሹን ክፍልፋይ ሳይሆን ፍላሹን ራሱን ስትነኩ ነው። «ፋት ነው ያደረግሁት፣ ግን አያነብም» ከሚሉት የማክ ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ትንሽ ፍላሽ ይበቃል፤ እውነተኛ መሆኑ ግን ይረጋገጥ

አሁን ወደ ጊጋው ጥያቄ እንመለስ። የኮሞዶር 64 ዋነኛው የዲስክ ማንበቢያ 1541 ይባል ነበር። የሚያነበው አንድ የፍሎፒ ገጽ 683 ክፍልፋዮች አሉት፤ እያንዳንዱ 256 ባይት ይይዛል። ስታባዙት 174,848 ባይት ይመጣል። ዛሬ የዚያ ዲስክ ሙሉ ቅጂ የሆነው ፋይልም መጠኑ በትክክል ይኸው ነው። በፋት32 ላይ የሚባክነውን ክፍተት ጨምረን ብናሰላ እንኳ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ከ40 ሺህ በላይ እንዲህ ያለ ዲስክ ይገባል። ዕድሜ ልካችሁን ብትጫወቱ አትጨርሱትም። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ 4 ወይም 8 ጊጋ ፍላሽ ካላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን አንድ ነገር ጠንቀቅ በሉ፦ የሐሰት ፍላሽ። ከላዩ 128 ጊጋ ተጽፎበት ኮምፒውተሩም 128 ጊጋ ነው የሚለው፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ግን 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽ በየአገሩ ገበያ ይሸጣል። ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ስለ መጠኑ እንዲዋሽ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከዚያ በኋላ የምትገለብጡት ፋይል ስሙ ይታያል እንጂ ውስጡ አይኖርም፤ ወይም ቀድሞ የነበረውን ደምስሶ ይቀመጣል። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ደግሞ ኤፍ3 የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ፍላሹን ጽፈው ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነቱን ያወጣሉ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ቢሆንም ጌሞቻችሁን ሁሉ ካስቀመጣችሁበት በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ሃርድ ዲስክስ? አልመክርም። ሚኒው የሚሠራው በ5 ቮልት 1 አምፔር ነው፤ ከዚያው ላይ ነው ራሱንም ጆይስቲኩንም ፍላሹንም የሚመግበው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ መዞር ሲጀምር ብቻውን ወደ 1 አምፔር ሊጠጋ የሚችል ኃይል ይጠይቃል። ውጤቱም ዲስኩ ጠቅ ጠቅ እያለ መነሳት ያቅተዋል፣ ወይም ሚኒው ራሱ ይጠፋል። በዚያ ላይ የምታስቀምጡት ነገር በኪሎባይት የሚለካ ነው፤ ምን አደከማችሁ?

በዚሁ ምክንያት ሚኒውን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ኃይል ማስገባት ለምቾት ጥሩ ቢመስልም አስተማማኝ አይደለም። ብዙ ቴሌቪዥኖች ከዚያ መሰኪያ የሚሰጡት ግማሽ አምፔር ነው። ጆይስቲክ ብቻ ሲሰካ ይበቃ ይሆናል፤ ፍላሽና ኪቦርድ ሲጨመር ማሽኑ ድንገት ዳግም መነሳት ይጀምራል። የስልክ ቻርጀር ይሻላል፤ 5 ቮልት 1 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ አምፔር የሚል ተጽፎበት እንደሆነ እዩ። አምፔሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ማሽኑ የሚወስደው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

መሰኪያው ሁለት ብቻ መሆኑም ይታሰብበት። አንዱን ጆይስቲኩ፣ ሌላውን ፍላሹ ይይዘዋል። እውነተኛ ኪቦርድ መሰካት ከፈለጋችሁ፣ ወይም ሁለት ሰው ሊጫወት ከሆነ፣ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ያስፈልጋል። ማከፋፈያው የራሱ ቻርጀር ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ፋይሉ ምንድን ነው?

ብዙ ማብራሪያ ጌሞቹን ፍላሹ ላይ ገልብጡ ብሎ የሚያልፈው ይህን ክፍል ነው፤ እኔ ደግሞ ትንሽ መቆየት የምፈልገው እዚሁ ላይ ነው። የጌም ፋይሎች መጨረሻ ላይ የሚታየው ቅጥያ እንዲያው የተለጠፈ አይደለም። ፋይሉ ድሮ በምን ዕቃ ላይ እንደነበረ ይነግራችኋል፤ ሚኒው እንዴት አድርጎ እንደሚጭነውም የሚወሰነው በዚያ ነው።

ዲ64 የሚለው የፍሎፒ ዲስክ ቅጂ ነው፤ ከላይ ያሰላነው። በብዛት የምታገኙት እሱን ነው። ጂ64 ደግሞ ያው ዲስክ ሆኖ ይበልጥ በጥልቀት የተቀዳ ነው፤ መረጃው ብቻ ሳይሆን በመግነጢሱ ላይ የተጻፈበት መልክ ጭምር። ልዩነቱ የሚመጣው ከድሮ የቅጂ መከላከያ ነው። አሳታሚዎቹ ሰው ዲስኩን እንዳይቀዳው ሆን ብለው ዲስኩ ላይ ስህተትና ያልተለመደ አጻጻፍ ያስቀምጡ ነበር፤ ጌሙም ሲነሳ ያንን እየፈለገ ያጣራ ነበር። ዲ64 ያንን ሁሉ መያዝ አይችልም። ስለዚህ አንድ ጌም በዲ64 እየተነሳ መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ፣ የጂ64 ቅጂውን ሞክሩ።

ታፕ የካሴት ቅጂ ነው። ካሴቱ ላይ የነበረው ድምፅ፣ ምት በምት ርዝመቱ ተለክቶ የተመዘገበበት ነው። ታፕ ፋይል ስትከፍቱ እንደ ድሮው ለደቂቃዎች ሊያስጠብቃችሁ ይችላል፤ ማያው ዳር ላይ ቀለም እየተሸነሸነ ሲሮጥ ታያላችሁ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ እያነበበ ነው። ፒአርጂ ከሁሉም ቀላሉ ነው፦ አንድ ፕሮግራም ብቻ፣ ወዲያው ማስታወሻ ላይ የሚጫን። ዛሬ የሚሠሩ ትንንሽ ጌሞች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። ሲአርቲ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ይሰካ የነበረ ካርትሪጅ ቅጂ ነው፤ ምንም ሳያስጠብቅ ይነሳል። አንድ ጌም በበርካታ ዓይነት ካገኛችሁት እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለሲአርቲ ነው፤ ቀጥሎ ዲ64፣ ካሴቱን በመጨረሻ። በዚፕ የታሸገ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ፈታችሁ ገልብጡት።

ከየት እንደምታገኟቸውም ልናገር። ጌም ያረጀ ስለሆነ ብቻ ባለቤት አልባ አይሆንም፤ በ1980ዎቹ የወጡት አብዛኞቹ አሁንም የቅጂ መብታቸው የተጠበቀ ነው። ጌሞቻቸውን ራሳቸው በነፃ የለቀቁ ሠሪዎች ግን አሉ፤ ዛሬም ለኮሞዶር 64 አዲስ ጌም እየሠሩ በአነስተኛ ዋጋ በቀጥታ የሚሸጡ አሉ። ከእነሱ ስትገዙ ፋይሉ ያለቀና የተፈተነ ሆኖ ይመጣል፤ ይህን ኮምፒውተር በሕይወት ያቆዩት እነዚህ ሰዎች ስለሆኑም ገንዘቡ ይገባቸዋል።

ፍላሹ ላይ አቀማመጥ

ሁሉንም ፋይል አንድ ላይ አትከምሩ። የሚኒው ዝርዝር በአንድ ፎልደር ውስጥ የሚያሳየው የፋይል ብዛት ገደብ አለው፤ ገደቡ ባይኖር እንኳ በጆይስቲክ ሺህ ስም እየወረዱ መፈለግ ያታክታል። በፊደል ወይም በዓይነት ከፋፍላችሁ በየፎልደሩ ከ200 የማይበልጥ አስቀምጡ። ስሞቹን አጠር አድርጋችሁ በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ጻፉ። ብዙ ዲስክ ያላቸው ጌሞች ለየብቻቸው አንድ ፎልደር ቢኖራቸው፣ ጌሙ ሁለተኛውን ዲስክ አስገባ ሲላችሁ ፍለጋ አትገቡም።

ከማክ የገለበጣችሁ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ እያንዳንዱ ጌም ሁለት ጊዜ ሊታያችሁ ይችላል። አንደኛው ስም ከፊቱ ነጥብና የሥር መስመር (._) አለው። እሱን ስትከፍቱት ምንም አይመጣም፤ ምክንያቱም ጌም አይደለም። ማክ ስለ ፋይሉ የራሱን ማስታወሻ ፋት32 ላይ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ፋይል ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሰርዟቸው፤ ዋናው ፋይል አይነካም። ከኢንተርኔት ካፌ ወይም ከሥራ ቦታ ኮምፒውተር የገለበጣችሁ ደግሞ የፍላሽ ቫይረስ የሚፈለፍላቸውን የሾርትከት ፋይሎች እዩ። ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ የሚሠራውን ሚኒ አይዝም፤ ዝርዝሩን ግን ያጨናንቃል፤ ወደ ሌላ ኮምፒውተርም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ስም ላይ የሚጨመሩ ምልክቶች

ሚኒው ፍላሽ ላይ ያለ ጌም ምን እንደሚፈልግ በራሱ አያውቅም። ውስጡ ተጭነው የመጡት 64 ጌሞች እያንዳንዳቸው ተስተካክለውላቸዋል፤ እናንተ ያመጣችሁትን ግን ማስተካከል ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ይህ የሚደረገው በፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከቅጥያው ነጥብ በፊት፣ የሥር መስመርና ሁለት የላቲን ምልክት በመጨመር ነው፤ ለምሳሌ game_J1.d64።

ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ጄ እና 1 ነው። ኮሞዶር 64 ሁለት የጆይስቲክ መሰኪያ ነበረው። የመጀመሪያው መሰኪያ ከኪቦርዱ ጋር መስመር ይጋራ ስለነበር፣ ጆይስቲኩ ሲነካ ማሽኑ ቁልፍ የተጫነ እየመሰለው ይደናገር ነበር። ስለዚህ አብዛኞቹ ጌም ሠሪዎች ሁለተኛውን መረጡ፤ ሚኒውም ያንኑ ይከተላል። አንዳንድ ጌም ግን አንደኛውን ይፈልጋል። ጌሙ ተነስቶ፣ ሙዚቃው እየተሰማ፣ ጆይስቲኩ አልታዘዝ ካለ ጆይስቲኩን አትጠርጥሩ፤ ስሙ ላይ ጄ1 ጨምሩበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የፍጥነት ነው። በአውሮፓ የተሸጠው ኮሞዶር በፓል፣ በአሜሪካ የተሸጠው በኤንቲኤስሲ የቴሌቪዥን ሥርዓት ነበር የሚሠራው። ፓል በሴኮንድ 50 ጊዜ ማያውን ይስላል፤ ኤንቲኤስሲ 60 ጊዜ። የዚያን ጊዜ ሠሪዎች የጌሙን እንቅስቃሴና ሙዚቃ ከዚህ ምት ጋር ያስሩት ነበር። ስለዚህ በ60 ልክ የተሠራ የአሜሪካ ጌም በፓል ሲነሳ በ17 ከመቶ ገደማ ይዘገያል፤ ሙዚቃውም ይጎተታል። ለፓል የተሠራው ወደ ኤንቲኤስሲ ሲሄድ ደግሞ ከመፍጠኑ በላይ ምስሉ ሊበጣጠስ ይችላል፤ ፓል በአንድ ዙር 312 መስመር ሲኖረው ኤንቲኤስሲ 263 ብቻ ስላለው፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ለመጨረስ ያሰበው ጊዜ ያጥርበታል። ቲ እና ፒ ፓልን፣ ቲ እና ኤን ኤንቲኤስሲን ያስመርጣሉ። የአሜሪካ ጌም ከሆነ ሁለተኛውን ሞክሩ።

ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ፤ የመሐንዲሶቹን ብልሃት ስለሚያሳይ። 1541 የዲስክ ማንበቢያ ራሱ ሙሉ ኮምፒውተር ነበር፤ የራሱ ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ማስታወሻ ነበረው። ከዋናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ግን እጅግ ቀርፋፋ ነበር፤ በሴኮንድ ከ300 እስከ 400 ባይት። በዚህ ፍጥነት አንድ ሙሉ ዲስክ ለማንበብ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ጌም ሠሪዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ዲስክ ማንበቢያው ኮምፒውተር ስለሆነ የራሳቸውን ትንሽ ፕሮግራም ወደ ማንበቢያው ማስታወሻ እየላኩ፣ ከዋናው ማሽን ጋር በአዲስ፣ በብዙ እጥፍ በፈጠነ ቋንቋ እንዲነጋገር አደረጉት። ፋስት ሎደር የሚባለው ይህ ነው። ሚኒው በተለመደው አሠራሩ ዲስኩን የሚያነበው በአቋራጭ ነው፤ ማንበቢያውን ራሱን አያስመስልም። ፋስት ሎደር ያለው ጌም ፕሮግራሙን የሚልክለት ማንበቢያ ሲያጣ እዚያው ይቆማል። ኤ እና ዲ የሚሉት ፊደላት ስሙ ላይ ሲጨመሩ ግን ሚኒው 1541ን ከነፕሮሰሰሩ ያስመስላል። መጫኑ ይዘገያል፤ ጌሙ ግን ይነሳል። የመክፈቻው ሥዕል ላይ ድርቅ የሚል የዲ64 ወይም የጂ64 ፋይል ሲያጋጥማችሁ የምትሞክሩት ይህን ነው።

አርና ኦ ደግሞ ጌሙ ዲስኩ ላይ ምንም እንዳይጽፍ ይከለክላሉ። ጆይስቲኩ ላይ ያሉትን ቁልፎች ለየጌሙ መደልደል ለሚፈልግ፣ ከጌሙ ጋር ተመሳሳይ ስም ያለው ሲጄኤም የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አብሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አብዛኛው ሰው ግን ያለሱ ይኖራል።

ማያው ላይ

የተዘጋጀውን ፍላሽ ሚኒው ጠፍቶ እያለ ሰክታችሁ አብሩት። ጌሞቹ በሚደረደሩበት ዋና ማያ ላይ የፍላሽ ምልክት ይታያል። እሱን ስትመርጡ ፎልደሮቻችሁ ይዘረዘራሉ፤ ፋይሉ ላይ የተኩስ ቁልፉን ስትጫኑ ይከፈታል። ምልክቱ ካልታየ ፎርማቱን እንደገና እዩ። ፎርማቱ ልክ ከሆነ ግን ማሽናችሁ ላይ ያለው ሶፍትዌር የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ሚኒው ሲወጣ ይህ ዝርዝር አልነበረውም፤ የተወሰነ ስም የተሰጠው አንድ ዲስክ ብቻ ነበር ከፍላሽ የሚያነበው። ዝርዝሩ የመጣው በኋላ በወጣ ማሻሻያ ነው።

ማሻሻያውን ከኩባንያው ድረ ገጽ በነፃ ታወርዳላችሁ። ፋይሉን ፍላሹ ላይ ከየትኛውም ፎልደር ውጭ አስቀምጣችሁ ትሰኩትና፣ ሚኒው ቅንብሮች ውስጥ ስለ ማሽኑ መረጃ የሚሰጠውን ገጽ ስትከፍቱ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በመሃል ኃይል ከተቋረጠ ግን ማሽኑ ዳግም ላይነሳ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያላችሁ ይህን ሥራ በሞላ ፓወር ባንክ ሥሩት፤ ሚኒው የሚፈልገው 5 ቮልት ስለሆነ ያለችግር ይሠራል። ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ እንኳ ሚኒው ሥራውን ይጨርሳል፤ መብራቱ እስኪመለስ አትንኩት።

አንዳንድ ጌም ከመነሳቱ በፊት ኪቦርድ ላይ ቁልፍ እንድትጫኑ ይጠይቃል። ኪቦርድ ካልሰካችሁ በጆይስቲኩ የምናሌ ቁልፍ ከሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ ማያ ላይ የሚታየውን ኪቦርድ ማምጣት ይቻላል። ዲስክ ለመቀየርም መንገዱ በዚሁ ዝርዝር ነው።

ፍላሹን ሚኒው እየሠራ አትንቀሉት። ጌሞች ከፍተኛ ነጥብንና የደረሳችሁበትን ቦታ ዲስኩ ላይ ይጽፋሉ፤ ዲስኩ አሁን ፍላሹ ላይ ያለው ዲ64 ፋይል ነው። በሚጻፍበት ቅጽበት ከተነቀለ የሚበላሸው ያ ነጥብ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የፍላሹ መዝገብ ከተነካ ሙሉው ፎልደር ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ አጥፉ፣ ከዚያ ንቀሉ። ከኮምፒውተር ላይ ስታወጡትም በደህና አስወግድ የሚለውን ተጠቀሙ፤ ገልብጬ ጨረስኩ ከሚለው በኋላም ኮምፒውተሩ ያልጻፈው ሊኖር ይችላል። የፍላሹን ሙሉ ቅጂ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ ቦታ አይወስድም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ጌም አልከፈት ካለ፣ ከዚያው ፍላሽ ላይ ሌላ ጌም ክፈቱ። ሌላው ከተከፈተ ፍላሹም ፎርማቱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያ ፋይል ላይ ነው። በስሙ ላይ ኤዲን ጨምሩ፤ ካልሆነ ቲኤንን፤ ካልሆነ የፋይሉን ዓይነት ቀይሩ። ሁሉም እኩል እንቢ ካሉ ግን ፋይሎቹን ትታችሁ ቻርጀሩን ቀይሩ፤ ከዚያም ፍላሹን በሌላኛው መሰኪያ ሰክታችሁ ሞክሩ።